ያድግበታል

ጳጉሜን ሲገባ የመርካቶ ጫማ መሸጫዎች በወላጆችና በልጆች ይጨናነቃሉ። እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ትምህርት ቤትም ሊከፈት ነው፤ አቅሙ ውስን የሆነ ቤተሰብ ደግሞ አንዱን ጫማ ለበዓሉም ለትምህርቱም ያደርገዋል። ልጁ ጫማውን አጥልቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እናት ጎንበስ ብላ የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ የልጁ ጣት ጫፉ ላይ ከደረሰ "አንድ ቁጥር ከፍ ያለ አምጣልኝ" ትላለች። ሻጩ "ይሰፋዋል" ቢላት መልሷ አንድ ቃል ነው፦ "ያድግበታል።" ከዚያ ጫፉ ላይ ጥጥ ይወተፍና ጫማው ለዘንድሮም ለከርሞም ይሆናል። መስከረም በጠባ ቁጥር የብዙ አዋቂዎችን ሆድ የሚያባባው ይህ ትዝታ ነው። ለመሆኑ ያን ጫማ የሚናፍቅ ሰው የሚናፍቀው ምኑን ነው? ናፍቆቱስ ነፍስን ያንጻል ወይስ ያደክማል?

ጫማውን ነው እንዳንል፣ ዛሬ ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ከዚያ የተሻለ ጫማ ገዝቶ ማድረግ ይችላል፤ ሆኖም ናፍቆቱ አይወጣለትም። ያ ጫማ ምቹም አልነበረም፤ ጠንካራው ቆዳ ተረከዝ ይልጣል፣ ስፋቱ እግር ያስጎትታል። ለእኔ የሚመስለኝ፣ የሚናፈቀው ያ "ያድግበታል" የሚለው ቃል ነው። የበዓል ልብስ ለዕለቱ ደስታ ይገዛል፤ የትምህርት ቤት ጫማ ግን ገና ላልመጣ እግር ይገዛል። እናት ልጇ በሚቀጥለው ዓመት በሕይወት እንደሚኖር፣ እንደሚረዝም፣ ክፍል እንደሚያልፍ አምና ከሌላት ላይ ትከፍላለች። የሃይማኖት አባቶች እምነት ማለት ባልታየው ነገር መተማመን ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ጫፉ ላይ የተወተፈው ጥጥ የዚህ እምነት ምልክት ነበር። እንግዲህ ያለፈ ዘመን ናፍቆት የምንለው፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ያየልንን የነገ ዘመን መናፈቅ ነው።

እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። መጽሐፈ መክብብ ያለፈው ዘመን ከአሁኑ ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ የጥበብ እንዳልሆነ ይመክራል። በኦሪት ዘኍልቍም እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ የግብፁን ዓሣ፣ ዱባ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አስታውሰው ሲያለቅሱ እናገኛለን፤ በነጻ እንበላ ነበር ይላሉ፣ የጡቡን ሥራና የጅራፉን ዘመን ግን ረስተዋል። ተቃውሞው ልክ ነው፤ ነገር ግን የሚያወግዘው አንዱን የትዝታ ዓይነት ነው፤ ዕቃውን አስቦ ዋጋውን የሚረሳውን። ያው ኦሪት በዘዳግም፣ ሕዝቡ በዚያው ምድረ በዳ 40 ዓመት ሲጓዝ ልብሱ እንዳላረጀ፣ በእግሩ ያለው ጫማም እንዳላለቀ እንዲያስብ ያሳስባል። እዚህም ጫማ ይታወሳል፤ የሚታወሰው ግን የጠበቀውን ለማመስገን ነው። ስለዚህ የትዝታ መመዘኛው ፍሬው ነው፤ ወደ ማጉረምረም ከወሰደን የግብፅ ሽንኩርት ነው፣ ወደ ምስጋና ከወሰደን ግን አምልኮ ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ትዝታ ያለፈውን እያሳመረ ይዋሻል የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። ሆኖም የሕፃኑን ዕውቀት ከአዋቂው ጋር እናነጻጽር። ሕፃኑ ያየው አንጸባራቂውን ቆዳ ብቻ ነው፤ ለዚያ ጫማ እቁብ እንደተጠበቀ፣ የአባት ጫማ ዳግመኛ ሶል እንደተመታለት አላወቀም። ይህን የሚያየው ራሱ ደመወዝ አብቃቅቶ ልጅ ሲያሳድግ ነው። እንዲህ ያለው ትዝታ በዕለቱ ከታየው የበለጠ እውነት ያያል። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ "አስታወስሁ" ስንል አድራጊዎቹ እኛ ነን፣ "ትዝ አለኝ" ስንል ግን ነገሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ እኛ ይመጣል። ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉዳይ አለው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ፣ ጫማ ተገዝቶለት የማያውቀው ልጅ ነው። ጓደኞቹ በአዲስ ጫማ ሲሰለፉ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ፊት ይህ ናፍቆት የደላው ሰው ጨዋታ አይመስልምን? ጉዳዩ ከኀፍረትም ያልፋል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የዝሆኔ ዓይነት በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብም ይከላከሉታል። አገራችን በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት አንዷ ናት። ይህ ተቃውሞ ትዝታውን አያፈርሰውም፤ ዕዳ መሆኑን ይገልጥልናል። ወላጅ ያንን ዋጋ ከልጁ መልሶ አይቀበልም፤ ዕዳው የሚከፈለው ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው ጳጉሜን ያ ትዝታ ሲመጣብህ በእንባ ብቻ አትሸኘው። ከልጅህ ጫማ ጋር የጎረቤትህን ወይም የማታውቀውን ልጅ ጫማ ጨምረህ ግዛ። ጎንበስ ብለህ ጫፉን በአውራ ጣትህ ተጫን፤ ሻጩም ይሰፋዋል ቢልህ፣ ያድግበታል በለው።