«በዓይኔ አየሁ» ማለት ይበቃል?

 

«በዓይኔ ያየሁትን እንዴት እክዳለሁ?» ብዙ ወጣት በስልኩ የደረሰው ቪዲዮ ሐሰት ነው ሲባል ይህን ይመልሳል። ዛሬ ግን ሰው ያላለውን ሲናገር፣ ባልሄደበት ቦታ ሲገኝ የሚያሳይ ቪዲዮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራል። ዲፕፌክ የሚሉት ይህንን ነው።

«እኔ ግን እለያለሁ» የሚል ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከ200 በላይ ሰዎችን ቪዲዮ እያሳየ ዲፕፌኩን ከእውነተኛው እንዲለዩ ጠየቃቸው። በደንብ መለየት አልቻሉም። በትክክል ለለየ ገንዘብ ቢቀርብም ለውጥ አላመጣም። የሚያስፈራው ደግሞ በችሎታቸው ከልክ በላይ ይተማመኑ ነበር። ቀደም ሲል «ዓይኑን የማያርገበግብ ከሆነ ሐሰተኛ ነው» ይባል ነበር፤ ሠሪዎቹ እሱንም አስተካከሉት።

ታዲያ መለየት ካልቻልን «ሳላውቅ ነው ያጋራሁት» ማለት ከተጠያቂነት ያድነናል? በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 አላህ (ሱ.ወ.) አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። አስተውሉ! አለማወቅ እዚህ ላይ ማምለጫ ሳይሆን አደጋው ራሱ ነው። የማያውቅ ሰው ዝም ይላል እንጂ አያሰራጭም።

ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ከክልላችን እንይ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምሁር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ ቀደም ባሉት ሳምንታት ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር፤ ቤተሰባቸው ውንጀላው ሐሰት ነው ይላል። ልጃቸውም በ2015 ዓ.ም. ሜታን ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ልብ በሉ፤ ፎቶው የራሳቸው ነው፣ ዲፕፌክ አይደለም። ዓይን የቱንም ያህል ቢመረምረው እንከን አያገኝበትም። መመርመር የነበረበት ተናጋሪው ነበር።

የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ያውቁ ነበር። ንግግሩ ቢያምርም «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን?» እያሉ ኢስናዱን ይከታተላሉ፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰውን ደካማ ይሉታል። እኛም ከዳባት የመጣ ሰው ደባርቅ ገበያ ላይ ወሬ ቢነግረን «ማን ነገረህ?» እንላለን። ስልካችንን ግን ይህን አንጠይቀውም። «ብዙ ሰው አጋርቶታል» ማለት ኢስናድ አይደለም።

ሚዛኑ ደግሞ ሁለት ጎን አለው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ በቀናት ውስጥም በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ሁለቱም እውነት ነው። የማንወደውን እውነት ሁሉ «ዲፕፌክ ነው» ብለን ከጣልን ተበዳዩን ዳግም እንበድላለን። ማጣራት መካድ አይደለም፤ ወገናችንን የሚከስሰውንም ሌላውን የሚከስሰውንም በአንድ ሚዛን መመዘን ነው።

ስለዚህ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ፣ በተለይ ደማችሁን የሚያፈላ ሲሆን፣ ማን፣ መቼና የት እንደቀረጸው ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ እናንተ ጋ ይቁም። ማጋራት ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ ነገ አላህ ፊት ይጠየቁበታል።

ያ አላህ! ጣታችንን ከማናውቀው ነገር ያዝልን፤ ለተበዳይ ግን እውነተኛ ምስክር አድርገን። አሚን።