ድርሰት ማረምና መፍረድ

የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ እርሱ ድርሰት እንዲጽፉ የታዘዙት ተማሪዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ደራሲው ለአንባቢው እጅግ የተጨነቁ ሰው ነበሩ፤ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ላልቶ ከሚነበበው ለመለየት በፊደሉ ራስ ላይ ምልክት እስከ ማኖር ደርሰዋል። በኋላም መጽሐፉን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው፥ ለብዙው ሕዝብ በዓይን ከመነበቡ ይልቅ በጆሮ የተሰማ መጽሐፍ ሆነ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አንብቦ፥ ወይም ሰምቶ፥ አንድ የገጠር ተማሪ የጻፈውን ሁለት ገጽ በምን ሚዛን እንመዝነዋለን? ጥያቄው የመምህራን ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በሳንጃ አማርኛ የሚያስተምር አንድ ወዳጃችን ነው። የተማሪዎቹን ድርሰቶች ስማቸውን ሸፍኖ ላከልንና «አባ፥ እኔ ልጆቹን ስለማውቃቸው ሚዛኔ ያደላል፤ እርስዎ ይዩልኝ» አለን። ስሙን መሸፈኑ መልካም አድርጓል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ፊት አይቶ ማድላትን ለእያንዳንዱ እንደሚገባው ከሚያካፍለው ፍትሕ ጋር የሚጣላ ኃጢአት አድርጎ ያስተምራል፤ ለነገሩ የሚገባው ሳይታይ የሰውየው ማንነት ታይቶ ሲሰጥ አድልዎ ይሆናልና። የአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለችም።

ከድርሰቶቹ የሚበዙት ንጹሓን ናቸው። ፊደላቸው የተስተካከለ፥ አንቀጻቸው የተለካ ነው። «ደራሲው የፊውዳሉን ሥርዓት ብልሹነት አጋልጠዋል» ይላሉ፤ «ጉዱ ካሳ የለውጥ ሐዋርያ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን በአሥራ አንዱ ድርሰት ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነጥቧ እንኳ ሳይለወጥ ስትመላለስ ስናይ፥ ከማን ደብተር ወደ ማን ደብተር እንደ ተጓዘች መገመት አያስቸግርም። ዛሬማ ደብተርም አያሻም፤ ስልክ ያለው ልጅ መጽሐፉን ሳይገልጥ ድርሰቱን በደቂቃ የሚያዘጋጅለት መሣሪያ አለው። በቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ትናንት ሌላው የተናገረውን ዛሬ እርሱ ቢደግመው፥ ቤቱ የቱንም ያህል ቢመታ ቅኔ ተናገረ አይባልም። የሚያስገርመው በዛብህ ራሱ የዚያ ትምህርት ልጅ መሆኑ ነው፤ እኛ ግን ስለ እርሱ የሚጽፉትን ልጆች በተውሶ ቃል ስንሸልም እንኖራለን።

ከእነዚህ መካከል አንዲት ወረቀት ተለይታ ወጣች። የፊደል ግድፈቷ ብዙ ነው፤ አራት ነጥብ በቦታው የለም፤ የሰብለ ወንጌልም ስም በሁለት ዓይነት ተጽፏል። ተማሪው ስለ ፍቅሩ ነገር ብዙም አይጨነቅም። የሚጽፈው ስለ ገበሬዎቹ መሪ ስለ አበጀ በለው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቹን ሊወጉ ዘምተው በእርሱ እጅ ከወደቁ በኋላ ለምን በሕይወት ተመለሱ? ሲል ይጠይቃል። የራሱንም መልስ ይሰጣል፦ በእኛ አገር ጠላትን መማረክ ለጀግና አይከብድም፤ የተማረከውን ሳይገድሉ ማቆየት ግን ከጓደኛም ከወንድምም ያጣላል፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ጀግና እርሱ ነው ይላል። አርማጭሆን የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ከየት እንደ ወጣ አይጠፋውም። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኛ የበቀለበት፥ ነገር ግን ደም መመለስ ብዙ ቤት የዘጋበት ቆላ ነው። ልጁ መጽሐፉን ወደ ቀዬው አምጥቶ ጠየቀው፤ መጽሐፉም መለሰለት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እያንዳንዱ ከቀዬው ተነሥቶ የመሰለውን ከተናገረ፥ ስሕተት የሚባል ነገር ይቀራልን? ለዚህ ጎንደር ራሷ የቆየ መልስ አላት። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን በአንድ ንባብ ላይ «አንድም» እያሉ ብዙ ፍቺ ይደረድራሉ፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለውም በአተረጓጐም ተለያይተዋል። ይሁን እንጂ ንባቡ የማይሸከመውን ፍቺ የሚያመጣ ደቀ መዝሙር ይገሠጻል። ፍቺው ብዙ ነው፤ ንባቡ ግን አንድ ነው። አበጀ በለውን ያነሣው ልጅ ንባቡን አልለቀቀም። በአንጻሩ አንድ ሌላ ተማሪ ሰብለ ወንጌል በመጨረሻ ተድራ ልጆች እንደ ወለደች ጽፏል፤ ይህ ፍቺ አይደለም፥ መጽሐፉን አለማንበብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የፈተነችን ግን ሦስተኛዋ ወረቀት ናት። ጸሐፊዋ በዛብህ የሞተው ስእለት ስለ ፈረሰበት ነው ትላለች፤ ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታልና፥ ሰብለን መውደዱ መቅሠፍት አመጣበት ባይ ናት። በዚህ አንስማማም። የቤተ ክርስቲያናችን ሕግ በቁጥር 1193 ስእለት በባሕርዩ የሚያስረው የተሳለውን ሰው ብቻ ነው ይላል፤ እናት ስለ ልጇ በተሳለችው ልጁ ሳይወድ አይታሰርም። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ጥልቅ ኀዘን እዚሁ ላይ ነው፤ ያልተናገረው ቃል እንደ ራሱ ቃል የከበደው ወጣት ኀዘን። ሆኖም ተማሪዋ ክርክሯን ከመጽሐፉ አውጥታ፥ የበዛብህን ጭንቀት ምስክር ጠርታ አቅርባለች። የካህኑ አሳብ ሌላ ስለ ሆነ ነጥቧ ይቀነስን? አይቀነስም። በወረቀቷ ጠርዝ ላይ የማንስማማበትን ምክንያት ጻፍንላት፤ ከጠቅላላው ግን ከፍተኛውን ማዕርግ ካገኙት አንዷ ናት።

ስለ ምሕረትም እንናገር። ከሳንጃ እስከ መተማ ባለው ቆላ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወራትና የሰሊጥ አጨዳ የሚደርስበት ወራት አንድ ነው፤ ብዙ ልጅ ማጭድ ይዞ ይከርማል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። ይህን የሚያውቅ መምህር አራት ለሚገባው ስምንት ቢሰጥ ልቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ100 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። በየክፍሉ በርኅራኄ የተሰጠ ነጥብ ተማሪው ብቻውን በተቀመጠበት ቀን አልተከተለውም። የሐሰት ነጥብ ለድኻ ልጅ የተሰጠ ምጽዋት ይመስላል፤ ሆኖም ገበያ ላይ የማይመነዘር ብር ነው።

እንግዲህ ምሕረት ስፍራዋ የት ነው? በቁጥሩ ሳይሆን በጊዜው ነው እንላለን። አራት የሚገባው አራት ይጻፍለት፤ ነገር ግን ወረቀቱ ስሕተቱ ተብራርቶ ይመለስለትና እንደገና ጽፎ ያምጣ፤ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው በሙሉ ሚዛን ይታይ። ይህ አሠራር መምህሩን በእጥፍ ያደክማል፤ ሰባና ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል ለሚያስተምር ሰው ቀላል ምክር አለመሆኑንም እናውቃለን። ወዳጃችንም ይህንኑ ገልጾ ተከራክሮናል። በመጨረሻ ለዚህ መንፈቅ በእያንዳንዱ ክፍል አሥር አሥር ወረቀት በዕጣ እያወጣ እንዲጀምር፥ ከመጽሐፉም ሁለት ቅጂ ገዝተን እንድንልክለት ተስማምተናል።