ጭንቀትን ማን ይመስክር?

«እንዴት ሰነበታችሁ?» ስንባል «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። የደላውም የጨነቀውም መልሱ አንድ ነው፤ ሌላው «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይቀራል። ታዲያ ሆድ የሸሸገውን የሚያወጣ መሣሪያ ቢገኝ፣ የመሣሪያው ንባብና የባለቤቱ ቃል ሲጋጩ የትኛውን እናምናለን?

ጥያቄው የሕልም አይደለም። ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ መዘገበ፤ በ1929ም አሳተመው። ሰው ነቅቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ጎልቶ ይታያል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ይዳከማል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ፣ ሥራ ፈትተን ስንቀመጥ እንኳ ከምንፈጀው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ዐረፈ የምንለው አንጎል ዝም አላለም ማለት ነው። ተመራማሪዎችም የጭንቀትን ምልክት ከዚሁ የዕረፍት ሞገድ ውስጥ ይፈልጋሉ።

ነገር ግን ያገኙት ምልክት የጭንቀት መሆኑን በምን ያውቃሉ? ሰውየውን ጠይቀው ነዋ! ሼልደን ኮኸን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው የታወቀ መጠይቅ፣ ባለፈው ወር ነገሮች ምን ያህል ጊዜ ከአቅም በላይ እንደሆኑበት ሰውን ይጠይቃል። ሞገዱ ከእንዲህ ያለው መልስ ጋር ይስተያያል። በምራቅ ውስጥ ኮርቲሶል የተባለውን ቅመም የሚለኩም አሉ፤ እርሱ ግን ማለዳ ስንነቃም ከፍ ይላል። እንግዲህ መሣሪያው የሰው ቃል ደቀ መዝሙር ነው። ደቀ መዝሙሩ ተነሥቶ መምህሩን «ውሸታም» ሊለው እንዴት ይችላል?

በብዙ ሰዎች አማካይ ላይ የታየ ልዩነት ደግሞ በአንድ ሰው ላይ ፍርድ አይሆንም። የሰው ሞገድ ይለያያል፤ እንቅልፍ ማጣት ይለውጠዋል፤ ቡናችን እንኳ ያንን የዕረፍት ሞገድ ያሳንሰዋል። በፈተና ሰሞን «አልቻልኩም» ያለ ተማሪ «ሞገድህ ደኅና ነው፣ ተቀመጥ» ቢባል ወዴት ይሄዳል?

የተጨነቀ መስሎ የሚያታልልስ የለምን? አለ። ይሁን እንጂ አታላዩን ማመን የሚያስከፍለን ጥቂት ቀን ነው፤ የእውነተኛውን ቃል መካድ ግን በጭንቀቱ ላይ ብቸኝነትን ይጨምርበታል። ስለሆነም «ጨንቆኛል» ያለውን በሞገድ አናስተባብለው እላለሁ። «ደኅና ነኝ» በሚለው ላይ ሞገዱ ሌላ ቢናገርስ? ያን ጊዜ ንባቡ ደግሞ ለመጠየቅ ምክንያት ይሁነን፤ በቀስታ፣ ለብቻው፣ ውጤቱም ከአሠሪው ወይም ከመምህሩ በፊት ለራሱ ተነግሮት።