ሳይላክ ያደረ ደብዳቤ



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ ተመልሼ፣ ጂዳ ከሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋር በእናታችን ቤት ኪራይ የተነሳ በስልክ ጽሑፍ ተጣላን። እርሱ አንድ መስመር ጻፈ፤ እኔ አሥር መለስኩለት። ጠቡ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ለሱሑር ስነሳ ላጠፋው ብሞክር አንብቦታል። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን እየጠቀስኩ ሌላውን ስመክር የኖርኩ ሰው፣ እነሆ ወራት አለፉኝ።

በልጅነቴ ጂዳ ለነበረችው አክስታችን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ እናቴ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ወረቀቱ መንገደኛ እስኪገኝ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። በመሐሉ እናቴ ቡና እያፈላች፣ «ያችን ቃል ሰርዛት፤ ሆድ ይብሳታል» ትለኝ ነበር።

በሱረቱ አን-ነምል የተተረከውን እናስታውስ። ሁድሁድ የነቢዩላህ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ደብዳቤ ለሰበእ ንግሥት ጥሎ ገለል እንዲልና መልሳቸውን እንዲመለከት ታዘዘ። ንግሥቲቱም መኳንንቷን ሰብስባ አማከረች። እነርሱ ኃይላቸውንና ብርታታቸውን ሲያነሱ፣ እርሷ ግን ስጦታ ልካ መልእክተኞቹ ይዘው የሚመለሱትን መጠበቅ መረጠች። በኋላ ከሱለይማን ጋር ለዓለማት ጌታ እጇን የሰጠችው ይህችው ሴት ናት።

የዐብዱል ቀይስ ልዑካን መዲና ሲደርሱም እንዲሁ ነው። ሌሎቹ ከግመሎቻቸው ወርደው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሽቀዳደሙ፣ አል-አሸጅ ግን ቆይቶ፣ ልብሱን ለውጦ ቀረበ። አላህ የሚወዳቸው ሁለት ባሕርያት እንዳሉት ተነገረው፤ ቻይነትና እርጋታ።

የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም እንዲል ተመክረናል። ስልክ ግን ተጋድሞም ይጻፍበታል፤ እኔም የጻፍኩት ተጋድሜ ነበር!

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢሆንም መሣሪያው የተሠራው ለችኮላ መሆኑን መካድ አይቻልም። ይህ ፍጥነት ደግሞ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሠሪዎቹ የመረጡት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ስሎውሊ የተሰኘው የደብዳቤ መጻጻፊያ፣ ተቀባዩ በራቀ ቁጥር ደብዳቤው ዘግይቶ እንዲደርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጂሜይል የተላከን መልእክት እስከ 30 ሰከንድ መልሶ ለመያዝ ያስችላል፤ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ግን 30 ሰከንድ ምን ይረባል? ዋትስአፕም በ2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ ማስተላለፍን ከልክሏል። እንግዲያውስ በዚህ ሙያ የተሰማሩ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሶላት ሰዓት የሚያስታውስ ፕሮግራም ከሠሩ፣ የተጻፈውን እስከሚቀጥለው ሶላት አቆይቶ፣ «አሁንም ይላክ?» ብሎ የሚጠይቅ ለምን አይሠሩም? መርዶና የሕመም ወሬ በርግጥ ፈጥኖ ይድረስ። የዕዳ ጥያቄን ሳይመልሱ መክረምም እርጋታ አይባልም።

ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብሎ በመያዝ ጽሑፉ የሚሄድበትን ሰዓት መወሰን ይቻላል። ትናንት ከዒሻ በኋላ ለወንድሜ ጻፍኩና ነገ ከሱብሒ በኋላ እንዲደርሰው ቀጠርኩት። እስካሁን ሁለት ጊዜ ከፍቼ አርሜዋለሁ። መጀመሪያ የኪራዩን ነገር አወጣሁ። ቀጥሎ «አንተም ብትሆን» የሚለውን ሰረዝኩ። አሁን የቀረው ሰላምታውና አራት መስመር ነው። ገና አልሄደም።