ያለቀ ምላጭ የማን ነው?

ስለ ምላጭ ልንጽፍ መሆኑን የሰሙ ጓደኞቻችን ስቀውብናል። «ስለ ፍትሕ፣ ስለ ነፃነት መጻፍ ሲቻል ስለ ጺም?» ነው ያሉን። ይሳቁ። እኛም ብንሆን ከጥቂት ወራት በፊት እንደነሱ እንስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በቁጠባ ነው። የአንድ ዶርም ልጆች የሆንነው አራታችን የምንላጨው፣ ሦስት አራት ጊዜ ሠርቶ በሚወረወረው የፕላስቲክ መላጫ ነበር። አንዳችን ለእረፍት አገሩ ሄዶ ሲመለስ የአባቱን የብረት መላጫ ይዞ መጣ። ከባድ ዕቃ ነው። ሲፈታ ሦስት ይሆናል፦ እጀታው፣ የታችኛው ሰሌዳና የላዩ ክዳን። ባለ ሁለት አፏ ምላጭ በሰሌዳውና በክዳኑ መካከል ትገባለች። በጣት ሲይዟት እንደ ወረቀት የምትወዛወዘው ምላጭ፣ እጀታው ሲጠብቅ ቆልመም ብላ ጥንካሬ ታገኛለች። አየነው፣ ወደድነው። የቀረነው ሦስታችንም ምናለሽ ተራ ወርደን፣ ተከራክረን፣ ከአሮጌ ብረት መሐል የየራሳችንን ይዘን ተመለስን።

መላጨት እንደ አዲስ መማር ነበረብን። የፕላስቲኩን ተጭኖ መጎተት ለምደናል፤ ብረቱ ግን መጫን አይወድም። ሠላሳ ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ይዞ ሥራውን ለክብደቱ መተው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አራታችንም አገጫችን ላይ የሶፍት ቁራጭ ለጥፈን ክፍል ገብተናል። (አስተማሪው ምንም አላሉም፤ ሴቶቹ ግን ብለዋል።) እጃችን ሲለምድ ደግሞ ኩራት መጣ። ገንዘብ አናባክንም፣ ፕላስቲክ አንጥልም፣ አባቶቻችን በተላጩበት እንላጫለን እያልን ለጎረቤት ዶርም ሁሉ ሰበክን። ከስብከታችን የተነሳ የተለወጡም ነበሩ።

አንድ ጠዋት የሕንፃችንን ጽዳት የሚሠሩት እናት የኛን ቅርጫት ወደ ማዳበሪያቸው ሲገለብጡ፣ ወረቀቱን በእጃቸው ጠቅ አደረጉት። በሶፍት ጠቅልለን የጣልነው ምላጭ ሌባ ጣታቸውን ሰነጠቀው። አልጮኹም፣ አልተቆጡንም። ጣታቸውን ጨብጠው «ልጆቼ፣ የማናችሁ ነው?» ብቻ አሉ።

እርስ በርሳችን ተያየን። አራታችንም የምንገዛው ከአንድ ሱቅ፣ የምንካፈለው ከአንድ ፓኮ ነው። የማናችን እንደሆነ በእውነት አናውቅም ነበር፤ ባናውቅ ደግሞ፣ እናፍራለን እንጂ እንናገረዋለን፣ ቀለል አለን። ክሊኒክ አብረናቸው ሄድን። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል የሰማነው እዚያ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄያቸው ተለወጠብን። «የማናችሁ ነው?» ማለት «የማን ደም ነው የነካኝ?» ማለትም ኖሯል።

ጣታቸው ድኗል። ጥያቄያቸው ግን እኛ ዘንድ ቀረ። አንድ ዕቃ ስንገዛው የኛ ነው። ስንገለገልበትም የኛ ነው፤ ሌላ ሰው ቢነካብን እንጣላለን። ቅርጫት ውስጥ በገባ በዚያች ቅጽበት ግን የማንም ይሆናል። ይህን ውል ማን ፈረመው? ተቀባዩስ ተጠይቋል ወይ?

የዚህች ምላጭ ፈልሳፊ አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ስሙን ከፓኮው ላይ እናውቀዋለን፤ መጽሐፍ መጻፉን ግን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894፣ ምላጩን ገና ሳያስብ፣ «ዘ ሂዩማን ድሪፍት» የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። የክፋት ሥሩ ውድድር ነው ይላል። ምርቱ ሁሉ በአንድ ታላቅ ኩባንያ ተጠቃሎ የሕዝብ ይሁን፤ ሕዝቡም ከናያጋራ ፏፏቴ ኃይል በምታገኝ ሜትሮፖሊስ በምትባል አንዲት ግዙፍ ከተማ ይኑር ባይ ነበር። እንጀራው ግን የጠርሙስ ቆርኪን ከፈለሰፈው ከዊልያም ፔንተር ድርጅት ነበር፤ እዚያ ሻጭ ነበረ። ፔንተርም፣ ሰው አንዴ ተጠቅሞ የሚጥለውንና ተመልሶ የሚገዛህን ነገር ፍጠር ብሎ መከረው ይባላል። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1895 ጂሌት ጺሙን ሲላጭ ሐሳቡ መጣለት። ስስ ብረት አጠንክሮ መሳል የተቻለው ግን ኋላ፣ ዊልያም ኒከርሰን በተባለ ሰው ብልሃት ነው። በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዓመት መላጫው ከ90,000 በለጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት 3.5 ሚሊዮን ያህሉን ለወታደሮቹ አደለ።

ሰውዬውን ግብዝ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ አንዳችን ብሎታልም። የቀረነው አልተስማማንም። ማምረቻው የማን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ጂሌት ከልቡ ጠይቋል፤ እኛም በየክርክሩ እንጠይቃለን፤ በሱ ጉዳይ የተጣሉ ጓደኞችም አሉን። መጣያው የማን ይሁን ብለን ግን አንድም ቀን ተከራክረን አናውቅም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የገረመን የአሜሪካኖቹ ግድግዳ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተሠሩ ብዙ ቤቶች፣ ከመታጠቢያው በላይ ባለው የመድኃኒት ሣጥን ጀርባ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ነበረች። ያለቀውን ምላጭ በስንጥቋ ሲከቱት ወደ ግድግዳው ባዶ ሆድ ይወርዳል። ሌላ መውጫ የለውም፤ ማንም አያወጣውም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ተላጭቶ፣ ቤቱን ሸጦ፣ ይሞታል። ዛሬ ቤት ለማደስ ግድግዳ የሚያፈርሱ ሠራተኞች የዛገ ምላጭ ክምር ይወርድባቸዋል። ይህንን ያነበብን ቀን አንዳችን «ንጹሕ ሰዎች ናቸው» አለ፤ ቀልዱን ይሁን የምሩን እስካሁን አልነገረንም።

እኛ ቤትስ? እኛ ቤት ምላጭ ቶሎ አያልቅም። ለአባት ጺም የደከመው ለልጅ እርሳስ ይቀርጻል፣ ጥፍር ይቆርጣል፣ ልብስ ሰፊው ጋ ስፌት ይፈታል። በፔንተር ቆርኪም ዳማ ተጫውተንበታል። ይህን ስናስብ ደረታችንን ልንነፋ ነበር። ነገር ግን ያው የማያልቀው ምላጭ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከራስ ወደ ራስ ይዞር ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ራሳችንን በአንዱ የተላጨንበት ጊዜ አለ። ኤች አይ ቪ ከመጣ በኋላ ስለት በጋራ አትጠቀሙ ተብሎ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ተለጠፈ፤ ትክክልም ነው። ማካፈል ደግነት የነበረበት ነገር አደጋ ሆነ፤ ቶሎ መጣል ደግሞ ጥንቃቄ ሆነ። ስለዚህ «ድሮ ደግ ነበር» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራልንም።

በዶርማችን ክርክሩ ሳምንት ፈጀ። አንዱ ጥፋቱ የአሠሪው ነው፣ ለጽዳት ሠራተኛ ወፍራም ጓንት መስጠት ግዴታው ነው አለ። እውነት ነው፤ ጠይቀናልም። ግን ጓንት እንደሌላቸው በየቀኑ ስናይ የኖርነው እኛ ነን። ሌላው ወደ ፕላስቲኩ እንመለስ፣ እሱ ቢያንስ ስለቱን አቅፎ ይዞታል አለ። ይህም ሚዛን የሚደፋ ነገር ነው፤ ለሚያነሳው እጅ ፕላስቲኩ ይሻላል። ለመሬቱ ግን አይሻልም፤ ብረትና ፕላስቲክ ተጣብቀው ስለሚጣሉ የሚለያቸው የለም፤ ብቻውን የተጣለ ምላጭ ግን ዝጎ አፈር ይሆናል። ለሴትየዋ እጅ ይሻላል ወይስ ለመሬቱ ብለን ስንከራከር ቆይተን፣ ሁለቱን ያጋጨናቸው እኛው ሰነፎች መሆናችን ገባን። ምላጩን ማሸግ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር።

ክዳኑ የማይከፈት የወተት ቆርቆሮ አዘጋጀን፤ ባዶውን አጥበን፣ ላዩ ላይ ቀጭን ስንጥቅ በጣጠስንለት። ያለቀው ሁሉ እዚያ ይገባል። ከዚያ አንዱ የምሕንድስና ተማሪ ስለሆነ ሂሳብ ሠራ። የምላጭ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ አሥሩ ተደራርበው አንድ ሚሊሜትር። እኛ አራታችን በሳምንት አንድ አንድ ብንጨርስ በዓመት ከሁለት መቶ ጥቂት ይበልጣል፤ ቢደረደር ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ። ቆርቆሮው እኛ ተመርቀን እስክንሄድ አይሞላም! ታዲያ ስንሄድ ለማን እንተወዋለን? ለተከታዩ ዶርም ልጆች ብንተወው፣ ከአሜሪካኖቹ ግድግዳ በምን ተሻልን? አንዳችን ይዞት ይሂድ ብለናል፤ ማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም። ለቆራሌው እንሸጠው ያለም አለ፤ እሱስ ቢሆን እጅ የለውም?

ላዩ ላይ በቀይ ቀለም «አደጋ፤ ምላጭ» ብለን ጽፈን ለእናታችን አሳየናቸው። ገልበጥ አድርገው አዩና «ጥሩ ነው፤ ግን ቆሻሻ የሚለቅመው ልጅ ሁሉ ያነባል እንዴ? ሥዕል አድርጉበት» አሉን። አድርገንበታል። የሣለው ልጅ እጁ አልተባረከም፤ ምላጩ ቢራቢሮ መስሏል። እሳቸው አይተው ስቀው «እንደገና» ብለውናል።