የጠፋ ሰው ሲመለስ



በአያት አካባቢ ከሚኖሩ ወጣቶቻችን ጋር ከትምህርት በኋላ ስንጨዋወት አንድ የባሕር ማዶ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት ተነሥቶ ነበር። «ዘ 4400» ይባላል፤ በአሜሪካ ከ1996 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ታይቷል። በልዩ ልዩ ዘመን ደብዛቸው የጠፋ 4,400 ሰዎች፣ ከሰማይ በወረደ ብርሃን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ። አንዳቸውም አላረጁም። በ1938 ዓ.ም. የጠፋች የስምንት ዓመት ልጅ ያው የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ግን በሕይወት የሉም። መንግሥት ይመዘግባቸዋል፤ ጎረቤት ይፈራቸዋል። ወጣቶቹ «የወሰዳቸው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ለእኛ ግን ሌላው ጥያቄ ከብዶ ታየን፤ የሚቀበላቸውስ ማን ነው?

ይህ ታሪክ ለሀገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በግእዝ ተጽፎ የሚገኘው ተረፈ ባሮክ፣ ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ሄዶ በዛፍ ጥላ ሥር ስድሳ ስድስት ዓመት እንደ ተኛ ይተርካል። ሲነቃ በለሱ ትኩስ ነው፤ ከተማዋ ግን ተለውጣለች፤ የሚያውቀውም ሰው አላገኘም። መንገድ የሳተ መስሎት ግራ ገባው። ያዳነው አንድ ሽማግሌ ነው፤ አዳምጦት፣ በለሱን አይቶ አመነው፤ የሆነውንም እውነት ነገረው።

በዘመናችንም ያለ ተአምር የተመለሱ አሉ። በነሐሴ 1980 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል አማካይነት ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች ከሶማሊያ ወደ ሀገራቸው ገብተዋል። ብዙዎቹ የተማረኩት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ነበር። አብራሪው ለገሠ ተፈራ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት እስር በኋላ ተመልሰው የኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ ጀግና ሜዳይ ተሸልመዋል። ሜዳይ ግን ለሁሉም አይደርስም። ደግሞስ አሥር ዓመት ያለ ወሬ የቆየ ቤት ምን ያድርግ? ለቅሶ ተቀምጦ እርሙን ቢያወጣ፣ ሚስትም ባሌ ሞቷል ብላ ሌላ ብታገባ ማን ይፈርድባታል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ወገን ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ለማመልከት ይፈቅዳል። የቤተ ክርስቲያናችን ሕገ ቀኖና ግን በዓመት ቆጠራ ብቻ አይረካም። ጳጳሱ ከምስክርና ከልዩ ልዩ ምልክት ተነሥቶ ስለ ሞቱ በኅሊናው እርግጠኛ ካልሆነ፣ መቅረቱ ምንም ያህል ቢረዝም ሞቷል ብሎ አይወስንም። የመጀመሪያው ባል በሕይወት ቢመለስ የፊተኛው ተክሊል እንደ ጸና ነው፤ በቅንነት ከተፈጸመው ከሁለተኛው ጋብቻ የተወለዱት ልጆችም ሕጋውያን ናቸው።

ይህ ሕግ በመከራ ላይ መከራ የሚጨምር ሊመስል ይችላል። የተቀደሰ ሐሳብ ግን ይዟል፦ ሰው ስለ ዘገየ ብቻ እንደ ሞተ አይቆጠርም፤ ስፍራው በእኛ መርሳት አይሻርም። ሆኖም ሕግ ብቻውን ቤት አያቆምም። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሌባ የለም፤ ሁሉም የተሰረቀበት ነው። ስለዚህ ተመላሹም ያለፉትን ዓመታት መልሱልኝ ሊል አይገባውም፤ የቀሩትም እንደ ቀድሞው ሁንልን ሊሉት አይገባቸውም። ሁለቱም ተለውጠዋልና እንደ አዲስ ይተዋወቁ።

እኛ የአያት ነዋሪዎች ይህን ልናስተውል ይገባናል። ብዙዎቻችን ከጥንት ሰፈራችን ተነሥተን የመጣን ነን፤ ከስደት የሚመለስ ዘመዳችን የድሮውን በር ቢያንኳኳ አያገኘንም። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን የመጡ ብዙ ነበሩ። ለእንዲህ ያለው ሰው የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን ይዘህ መጣህ?» ከሆነ ሁለተኛ አባረርነው ማለት ነው። እንደ ሽማግሌው እናዳምጠው፤ የሚነግረን ለጆሮ ቢከብድም በለሱን እንይለት። እውነቱንም ሳንደብቅ በፍቅር እንንገረው፤ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ቤቱም የት እንደ ሄደ።

ጌታችን አልዓዛርን ከመቃብር የጠራው በቃሉ ብቻ ነው። መግነዙን እንዲፈቱለት ያዘዘው ግን በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች ነበር። ሕይወትን መመለስ የእግዚአብሔር ነው፤ መፍታቱ ለእኛ ተትቷል።