የአያታችሁን ታሪክ ለቀብር ቀን አታቆዩት

በቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ አዳምጡ። ወረቀቱ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ ብሎ ይጀምርና ልጆችና የልጅ ልጆች ቆጥሮ ያበቃል። መሐሉ ባዶ ነው። ሰማንያ ዓመት የኖሩ ሰው ምን ሠሩ? ከየት ተነሥተው እዚህ ደረሱ? ሌሊቱን ሲጽፉ ያደሩት የልጅ ልጆች አያውቁትም። የሚያውቁት ሽማግሌ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

ወገኖቼ፣ ይህን ልማድ እንተወው። አያቶቻችንን፣ እነሱም ካለፉ እኩዮቻቸውን፣ በቁም እንጠይቅ።

ሥራው ቀላል አይደለም። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአያት ስም በየትውልዱ ይወድቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ የአያትን የልደት ምስክር ወረቀት መፈለግ ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ደግሞም አንድ ሰው ሁለት ሦስት ስም አለው። ጎረቤት በዓለም ስሙ ሲጠራው ንስሐ አባቱ የሚያውቁት በክርስትና ስሙ ነው፤ ጦረኛ ከነበረ የፈረስ ስምም ይኖረዋል፤ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እንደተባሉት። ስለዚህ መጀመሪያ ስሞቹን ሁሉ ለቅማችሁ ጻፉ።

ዓመተ ምሕረት በመጠየቅ አትጀምሩ። «ጣልያን ሲገባ እረኛ ነበሩ ወይስ ጠመንጃ ይዘው ነበር?» በሉ። «ጥጃ እጠብቅ ነበር» ካሉ በ1928 ዓ.ም. የስምንት ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው፤ ልደታቸው ወደ 1918 ይጠጋል። አያታቸው በኅዳር በሽታ ሞተው ከሆነ ዓመቱ 1911 ነው። ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ተዳርን የሚሉ እመት ደግሞ 1933ን እየነገሯችሁ ነው። ሽማግሌ ዘመኑን የሚያስታውሰው በቁጥር ሳይሆን በሆነው ነገር ነውና በእሱ መንገድ ሂዱለት።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ግቡ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ አለኝ፦ ሰው ሞቶ ቤት ሲጸዳ አሮጌ ወረቀት አታቃጥሉ። የግብር ደረሰኝ አያታችሁ በየትኛው ወረዳ መሬት እንደነበራቸው ይነግራችኋል። እስከ 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ በብዙ የሰሜን አውራጃዎች ርስት የሚጠየቀው ትውልድ ተቆጥሮ ስለነበር፣ የአንድ ክርክር ፋይል ስሞችን እስከ ምንጅላት ድረስ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ፎቶግራፍ ካገኛችሁ ገልብጡት፤ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ አንዳንዴም በደበዘዘ ቀለም «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈ ቀን አለ።

የውጭ ሰነድ ሲገኝ የዘመን አቆጣጠሩን አትርሱ። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ጦር የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው በእኛ 1943፣ በፈረንጆቹ 1951 ነው። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው የአያቱን ዕድሜ እስከ ስምንት ዓመት ያዛባል። ከስድስት ሺህ በላይ ወታደሮች ኮሪያ ሄደዋል፤ ሆኖም ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ በነበረበት ዘመን ስለዚያ ዘመቻ መናገር አይመችም ነበርና፣ አባታቸው ኮሪያ መዝመታቸውን ሳያውቁ ያደጉ ልጆች ቢኖሩ አይገርምም። የተሸሸገ ኒሻን ስታገኙ ለምን እንደተሸሸገም ጠይቁ።

አያታችሁን ግን ያልሆኑትን አታድርጓቸው። ሁሉም አያት አርበኛ አልነበረም። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ዱር የገባ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ እያረሰ ልጆቹን ያሳደገ አለ፣ ለጣልያን ያደረም አለ። ራሱ ገባር የነበረም፣ በሥሩ ገባሮች የነበሩትም ሰው አያት ሆኗል። የሰማችሁትን እንደሰማችሁት ጻፉ። አክስት አንድ ብላ አጎት ሌላ ቢል ሁለቱንም ከነተናጋሪው ስም አስፍሩ፤ እናንተ ዳኛ አይደላችሁም። መናገር ያልፈለጉትን ሽማግሌ አታስጨንቁ። ቡናው ሲደገም፣ ወይም በሌላ ቀን፣ ራሳቸው ይመለሱበት ይሆናል።

ዋሽንግተንም ሆነ ጅዳ ያላችሁ፣ ስትደውሉ «ደህና ናችሁ» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ከፈቀዱላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። የተጻፈውን ደብተር ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይዞት አይቀመጥ፤ አባዝታችሁ ለአጎትና ለአክስት ልጆች ሁሉ አድሉ፤ የጎደለውን እነሱ ይሙሉበት።